4ኬ ፊልም ከአሮጌ ኮምፒውተር ሲላክ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ኮር አይ5-4570 ፕሮሰሰር ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጄሊፊን የተባለውን ፊልም የሚያሠራጭ ፕሮግራም ጭነው የቤታቸው የፊልም ሰርቨር አድርገውታል። 1080ፒ ፊልም ያለ ችግር ይሄዳል። 4ኬ ሲከፍቱ ግን ጥቂት ሴኮንድ ሄዶ ይቆማል፣ ክቡ ይዞራል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳድገዋል፤ የኢንተርኔት ፓኬጃቸውንም ከፍ አድርገዋል፤ ለውጥ የለም። አሁን «አዲስ ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይስ ኮምፒውተሩን ልቀይረው?» ይላሉ።

ለጊዜው ምንም አይግዙ። ፊልሙ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ በራውተሩ በኩል ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ ከቤትዎ አይወጣም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት ቢፈጥንም ቢዘገይም ለዚህ ሥራ ለውጥ አያመጣም። ራሙም ቢሆን ፋይል ለማቀበል ብቻ 8 ጊጋው ይበቃ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ጤነኛ ከሆነ በሴኮንድ 100 ሜጋ ባይት ያህል ያነባል፤ ከባድ የሚባለው 4ኬ ፊልም የሚፈልገው 10 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢትንና ባይትን ያደባልቃል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ «80 ሜጋ ቢት በሴኮንድ» የሚባለው ፊልም ከዲስኩ የሚጠይቀው 10 ሜጋ ባይት ብቻ ነው።

ፊልሙ የሚቆምበት ሁኔታ ራሱ ብዙ ይናገራል። በየጥቂት ሴኮንዱ፣ ትዕይንቱ ምንም ይሁን ምን፣ እኩል እየሄደ እኩል የሚቆም ከሆነ ፕሮሰሰሩ አቅም አንሶታል። ጸጥ ባለው ትዕይንት በደህና ሄዶ ፍንዳታ፣ ዝናብ ወይም የሕዝብ ግርግር ሲመጣ የሚቆም ከሆነ ኔትወርኩ ጠቧል፤ እንዲህ ያለው ትዕይንት በሴኮንድ የሚበላው መረጃ ከፊልሙ አማካይ በብዙ ይበልጣል። ሁልጊዜ እዚያችው ደቂቃ ላይ ከቆመ ፋይሉ ወይም ዲስኩ ተጎድቷል። 20 ወይም 30 ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ በኋላ ከጀመረው ሙቀትን ይጠርጥሩ። የእርስዎ አገላለጽ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ 2 ደቂቃ ይበቃል። ፊልሙ እየሄደ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው የጄሊፊን አፕ ጥርሳም ጎማ የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ተጭነው «ፕሌይባክ ኢንፎ» የሚለውን ይክፈቱ። ወይም በላፕቶፕ ወደ ሰርቨሩ ዳሽቦርድ ገብተው እየታየ ያለውን ፊልም ይመልከቱ። «ዳይሬክት ፕሌይ» ካለ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ እያቀበለ ነው። «ትራንስኮድ» ካለ ግን ፊልሙን እየፈታ፣ በሌላ ቅርጽ እንደ አዲስ እየጻፈ ነው የሚልከው፤ ከሥሩም ለምን እንደሆነ ምክንያቱን ይጽፋል። ያንን ምክንያት ፎቶ አንሥተው ይያዙት፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያው ቅጽበት ሰርቨሩ ላይ ታስክ ማናጀርን ቢከፍቱ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን 100 ፐርሰንት ይዞት ያገኙታል።

ትራንስኮድ ማለት እንግዳ ማዕድ ላይ ተቀምጦ እያለ እንጀራ እየጋገሩ ማቅረብ ነው። እንግዳው ከምጣዱ ፍጥነት በላይ ከበላ መሶቡ ባዶ ይሆናል፣ ይጠብቃል፣ አንድ ሲመጣ በልቶ እንደገና ይጠብቃል። የሚያዩት የሚዞር ክብ ይኸው ነው።

የእርስዎ ምጣድ ለምን እንደማይደርስ ደግሞ ግልጽ ነው። 4ኬ ፊልሞች በብዛት የሚመጡት ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ ነው፤ ኤችዲአር (ብርሃንና ቀለሙ ሰፋ ያለው ዓይነት) ከሆኑ ደግሞ 10 ቢት ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም በ8 ሳይሆን በ10 ቢት ይጻፋል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ክዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ ክፍል ኤችኢቪሲን በሙሉ አቅም መፍታት የጀመረው በ2015 በወጣው 6ኛው ትውልድ ነው፤ እሱም 8 ቢቱን። 10 ቢቱ የመጣው በ7ኛው ነው። የእርስዎ 4ኛ ትውልድ ስለሆነ በዚያ ክፍል የሚሠራው ኤች.264 የሚባለውን የቆየ አጨማመቅና ከእሱ የቀደሙትን ነው፤ ኤችኢቪሲ ሲመጣ ሸክሙ በሙሉ አራቱ ኮሮች ላይ ይወድቃል። እንደ ጄሊፊን ያለው ሌላው የፊልም ሰርቨር ፕሮግራም፣ ፕሌክስ፣ ለ4ኬ ኤችዲአር ትራንስኮድ በፓስማርክ መለኪያ 17,000 ገደማ ነጥብ ያለው ፕሮሰሰር ይመክራል፤ ለ1080ፒ 2,000። የእርስዎ 5,000 አካባቢ ነው። 1080ፒው የሚሄደው፣ 4ኬው የማይሄደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው አሮጌውን ፕሮሰሰር ማስገደድ ሳይሆን ከዚህ ሥራ ማሳረፍ ነው። ፋይል ለማቀበል ከሆነ ከእሱ በጣም የደከመ ኮምፒውተርም ይበቃል። ቴሌቪዥኑ 4ኬ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤችኢቪሲን ራሱ ይፈታል፤ ሰርቨሩ ትራንስኮድ የሚያደርገው አንድ ነገር ስላስገደደው ነው።

ከሁሉ በፊት የአፑን የጥራት ገደብ ይዩ። ቴሌቪዥኑ ላይ በጄሊፊን አፕ ሴቲንግ ውስጥ «ፕሌይባክ» ሥር የቤት ኔትወርክ ጥራት የሚል አለ። «አውቶ» ላይ ከሆነ አፑ ሲከፈት መስመሩን ለክቶ ራሱ ገደብ ያበጃል። ዋይፋዩ በዚያ ሰዓት ደክሞ ከነበረ ገደቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከገደቡ የሚበልጥ ፊልም ሁሉ ወደ ትራንስኮድ ይሄዳል። የኔትወርክ ድካም የፕሮሰሰር ድካም መስሎ የሚታየው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 120 ሜጋ ቢት ላይ ያድርጉትና ፊልሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። የትራንስኮዱ ምክንያት ቢትሬት (ፊልሙ በሴኮንድ የሚፈልገው መረጃ) ከገደቡ በላይ ነው የሚል ከነበረ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ ሰብታይትል። ከብሉሬይ የሚወጣው ፒጂኤስ የተባለው ሰብታይትል ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። ብዙ የቴሌቪዥን አፕ ሥዕሉን ለብቻው ማሳየት ስለማይችል ሰርቨሩ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ያትመዋል፤ ለዚያች አንዲት መስመር ጽሑፍ ሲባል ሙሉው 4ኬ ቪዲዮ ይፈታል፣ ይጻፋል። ሰብታይትሉን አጥፍተው ይሞክሩ። ሲያጠፉት ፊልሙ ከተስተካከለ ጥፋተኛውን አግኝተውታል ማለት ነው፤ በኤስአርቲ ፋይል ይተኩት። ኤስአርቲ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይጽፈዋል።

የአማርኛ ሰብታይትል የሚጠቀሙ ከሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋይሉን ኖትፓድ ከፍተው ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት፤ አለዚያ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ግን የኢንኮዲንግ ጉዳይ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ጽሑፉን ሰርቨሩ እንዲያትመው ያዝዛል፤ ያ ደግሞ ወደ ትራንስኮድ ይመልስዎታል። የተሻለው ኮዲ የተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የሚሠራበት የአንድሮይድ ቦክስ ነው። ኮዲ ውስጥ ሚዲያ ከሚለው ፎልደር ሥር ፎንትስ የሚል ፎልደር አለ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት እዚያ ያስገቡና በሰብታይትል ሴቲንግ ይምረጡት። ኮዲ ፊልሙን ከተጋራ ፎልደር በቀጥታ ስለሚያነበው ትራንስኮድ የሚባል ነገር ከናካቴው አይኖርም።

ድምፅን በተመለከተ ብዙ አይጨነቁ። ዲቲኤስ ወይም ትሩኤችዲ የተባሉትን የድምፅ ዓይነቶች የማይቀበል ቴሌቪዥን ሲገጥመው ሰርቨሩ ድምፁን ብቻ ይቀይራል፣ ቪዲዮውን እንዳለ ያሳልፋል፤ ይህን አሮጌውም ፕሮሰሰር ይችለዋል። ፊልሙን በላፕቶፕ ብራውዘር የሚያዩ ከሆነ ግን ብራውዘር ብዙ ጊዜ ኤምኬቪ የተባለውን የፋይል ዓይነትና ኤችኢቪሲን ስለማይቀበል የጄሊፊንን የዴስክቶፕ አፕ ይጫኑ።

ይህን ሁሉ አድርገው «ዳይሬክት ፕሌይ» እያለ አሁንም ከቆመ ወደ ኔትወርኩ እንሂድ። መጀመሪያ ፊልሙ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ያስሉ፦ የፋይሉ መጠን በሜጋ ባይት፣ ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለርዝመቱ በሴኮንድ። የ2 ሰዓት ፊልም 60 ጊጋ ከሆነ አማካዩ 67 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ገደማ ነው። 15 ጊጋ ከሆነ 17 ገደማ። የ60 ጊጋው ፊልም በግርግር ትዕይንት ለአፍታ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ቴሌቪዥኖች፣ ውድ የሚባሉት ጭምር፣ የኬብል ወደባቸው 100 ሜጋ ቢት ብቻ ነው፤ በተግባር የሚያሳልፈው 94 ገደማ ነው። «ኬብል ሰክቼም ይቆማል» የሚሉ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን፣ ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ፣ ባለ 5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ከኬብሉ ይፈጥናል።

ከሰርቨሩ እስከ ራውተሩ ያለው ግን ያለ ጥርጥር ኬብል ይሁን። ሰርቨሩም ቴሌቪዥኑም በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ እያንዳንዱ መረጃ አየሩን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ባለ 2.4 ጊጋኸርትዙ ዋይፋይ የማይደራረቡ ቻናሎቹ 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ የጎረቤት ራውተር ሁሉ እነዚያን ሦስት ስለሚሻማ ለከባድ 4ኬ አይታመንም።

ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ የኔትወርክ አዳፕተሩን ስታተስ ከፍተው ፍጥነቱን ያንብቡ። 1.0 ጊጋ ቢት ማለት አለበት። 100 ሜጋ ቢት ካለ፣ ራውተሩ የጊጋ ወደብ እያለው ማለቴ ነው፣ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ጊጋ ቢት 4ቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋ 2 ጥንድ ይበቃዋል። በእጅ የታሰረ ኮኔክተር ላይ አንዲት ሽቦ በደንብ ካልተነከሰች መስመሩ ሳይቋረጥ ዝም ብሎ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ሲገዙም ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ፤ ርካሹ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። መስመሩን ለመለካት አይፐርፍ3ን ሰርቨሩና ላፕቶፑ ላይ ጭነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካውን ኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክተው ያስኪዱት። 940 አካባቢ ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው።

ዲስኩን ለመመርመር ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ቁጥር 5 እና ቁጥር 197 (ፕሮግራሙ 05 እና C5 ብሎ ያሳያቸዋል) «ሮው ቫልዩስ» በሚለው ዓምድ ከዜሮ ከበለጡ፣ በተለይ በየሳምንቱ ከጨመሩ፣ ዲስኩ የተጎዳ ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ ስለሚሞክር ፊልሙ ይቆማል፤ ፋይሎቹን በፍጥነት ወደ ሌላ ያዛውሩ። እየጨመረ ያለው ቁጥር 199 (C7) ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው፤ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሳታ ኬብል ይቀይሩ። መብራት ድንገት እየጠፋ ሰርቨሩን የሚያጠፋው ከሆነም ዩፒኤስ ይግባለት፤ ግማሽ ተጽፎ የቀረ ፋይል በዚያችው ደቂቃ እየቆመ ያስቸግርዎታል። ለሙቀቱ ደግሞ ክዳኑን ከፍተው አቧራውን በብሎወር ያስወጡ፤ ሲነፉ ፋኑን በጣት ይያዙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት በ10 ዓመት ደርቋልና ይቀይሩት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቴሌቪዥኑ ጨርሶ የማይቀበላቸው ጥቂት ፊልሞች ቢቀሩ፣ ማታ ማታ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ 1080ፒ ኤች.264 ይቀይሯቸው፤ ጥራቱን አርኤፍ 20 ላይ ያድርጉ። የ2 ሰዓት ፊልም 172,800 ያህል ፍሬም አለው፤ ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ 12 ፍሬም ቢሠራ 4 ሰዓት ይፈጅበታል። ኤችዲአር ከሆነ ቀለሙ ሊገረጣ ስለሚችል መጀመሪያ 2 ደቂቃውን ብቻ ቀይረው ይዩት።

የግድ መግዛት ካለብዎት ዲስክ ሳይሆን፣ ባለ 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ትንሽ ዴስክቶፕ ይግዙ፤ ኮር አይ3-7100 እንኳ ይበቃል። ግራፊክስ ካርድ ጨምሩ የሚልዎት ካለ ጂቲ 1030ን አይቀበሉ፤ ኤችኢቪሲን ይፈታል እንጂ መልሶ የሚጽፍበት ክፍል የለውም። ጂቲኤክስ 1050 ሁለቱንም ያደርጋል፤ ኮምፒውተርዎ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ግን ቁመቱ አጭር የሆነውን ካርድ መርጠው ይግዙ። ከገዙ በኋላም ጄሊፊን ዳሽቦርድ ውስጥ በፕሌይባክ ሥር ሃርድዌር አክሰለሬሽኑን ራስዎ ካላበሩት አይሠራም። ለኢንቴል ክዊክ ሲንክን ይምረጡ፣ ኤችኢቪሲና ኤችኢቪሲ 10 ቢት የሚሉትን ምልክት ያድርጉባቸው። አሁን ባለዎት 4ኛ ትውልድ ላይ ግን እነዚህን ሁለቱን አይንኩ፤ ፊልሙ ጨርሶ አልከፈትም ሊል ይችላል።