ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር ስንት ደቂቃ ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አውሮፕላን ጉዞ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ግን 100 ነው ይሉኛል። የቱን ልመን? በረራውስ ስንት ደቂቃ ነው?

ሁለቱም ልክ ነው። መኪናው ጣናን በምሥራቅ ዞሮ በወረታና በአዲስ ዘመን ያልፋል። አውሮፕላኑ ሐይቁን አቋርጦ ይሄዳል። ከባሕር ዳር ማረፊያ እስከ ጎንደር ማረፊያ፣ እስከ አዘዞ፣ ቀጥታው 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ለአገር ውስጥ በረራ የሚውለው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። በሒሳብ ቢኬድ 10 ደቂቃ ይመጣል። ግን ከፍታ ሳይዝ መውረድ ይጀምራል፣ ለማረፍም ይዞራል። ስለዚህ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ አስቡ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ ከዚህም ይረዝማል፤ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይጨመርበታልና።

ከደቂቃው በፊት ግን በረራው ቀጥታ መሆኑን ጠይቁ። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ 333 ኪሎ ሜትር ወደ ቦሌ፣ ከዚያ ሌላ 420 ወደ ጎንደር ልትበሩ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 750! ቦሌ ላይ መጠበቁም አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ብትሄዱ ይሻላችኋል።

እናቴን ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ልወስዳት ነው። መኪና ይከብዳታል። ባሕር ዳር ሄደን በአውሮፕላን ብንሄድስ?

እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላት። እኔ አልመክርሽም። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ 300 ገደማ። ከመኪናው አላመለጥሽም፣ ከዚያ ላይ ፍተሻና ጥበቃ ጨመርሽ እንጂ። የሚያስፈራሽ የዓባይ በረሃ እንደሆነ ይገባኛል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ ለጤነኛም ይከብዳል። በማለዳ ተነሱ፣ ደጀን ላይ በደንብ ትረፍ፣ ሹፌሩንም ቀስ በል በይው። ከፊት ወንበር ብትቀመጥ ደግሞ ብዙም አያጥወለውላትም።

ዳንግላ ብትሆኑ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቦሌ ናችሁ። እንዲያም ሆኖ፣ የታመመ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ትኬቴ ላይ 07:10 ይላል። ከሰዓት ነው?

አይደለም! ከጠዋቱ 1:10 ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 6 ቀንሱ። 13:30 ከሆነ ከቀኑ 7:30 ማለት ነው። ወላጆቻችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ በእኛ ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ልጄ በአውሮፕላን ጆሮውን ያመዋል። ምን ላድርግ?

የሚብሰው ሲወርድ ነው፤ የአየሩ ግፊት እየጨመረ ስለሚሄድ ጆሮ ይደፈናል። መዋጥ ይከፍተዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ አጥቢው፣ ከፍ ካለ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጭ። ተኝቶ ከሆነ መውረድ ሲጀመር ቀስቅሽው።