የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ በአር፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ ስለ አር (የስታቲስቲክስ ማስሊያ ፕሮግራም) እና ስለ እ.ኤ.አ. 2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ጠይቁኝ። አደራ፣ ስህተት ሲገጥማችሁ መልእክቱን ሙሉውን ለጥፉ።

የጅማዋ፦ ዶክተር፣ የለመድኩት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ ነው። ወደ አር ልሻገር?

መላሽ፦ ተሻገሪ። አር ነጻ ነው። የሠራሽው ሁሉ በጽሑፍ ስለሚቀመጥም አድቫይዘርሽ ሲጠይቅሽ ደግመሽ ታሳያለሽ። ቀጣይ።

ጀማሪው፦ አር እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ብሎ? መልእክቱን ለጥፍ ብያለሁ።

ነርሷ፦ ያወጣሁት ፐርሰንት ከታተመው ሪፖርት ጋር አልገጥም አለኝ።

መላሽ፦ እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ቴሲስ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከተጠየቁት 15,683 ሴቶች ውስጥ 906ቱ የሐረሪ ናቸው። በዌይት፣ ማለትም እያንዳንዷ ሴት ከአገሩ ሕዝብ የምትወክለው ድርሻ ታስቦ፣ ሲታይ ግን 38 ያህል ብቻ ይሆናሉ። የኦሮሚያዎቹ 1,892 ደግሞ ወደ 5,701 ያድጋሉ። ለምን? ትንንሾቹ ክልሎች ለየብቻቸው ቁጥር እንዲወጣላቸው ከድርሻቸው በላይ ናሙና ተወስዶባቸዋል። ዝም ብለሽ አማካይ ካወጣሽ ሐረሪ አገሩን ይጎትተዋል። ስለዚህ ዌይቱን የያዘውን ዓምድ፣ ቪ005ን፣ በ1,000,000 አካፍይ። ከዚያ ለሰርቬይ ፓኬጅ (አር ላይ ለሚጨመረው የናሙና ጥናት መተንተኛ) ሦስት ነገር ንገሪው፦ ዌይቱን፣ ክላስተሩን (ሴቶቹ የተመረጡበትን አካባቢ፣ ቪ021) እና ስትራታውን፣ ማለትም ክልሎቹ በከተማና በገጠር ተከፍለው የሚሰጡትን 21 ምድብ። ዌይቱ ፐርሰንቱን ያርማል። ክላስተሩና ስትራታው ስታንዳርድ ኤረሩን፣ ማለትም የግምቱን የስህተት መጠን፣ ያርማሉ። ወጣቶችን ብቻ ከፈለግሽም ዲዛይኑን ከሠራሽ በኋላ ቁረጪ እንጂ ዳታውን ቀድመሽ አትጣዪ።

ፓይተን ወዳጅ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ በሌላው የፕሮግራም ቋንቋ በፓይተን የለም እኮ።

ነባሩ፦ እንዴት የለም? ናሙናው ያው ነው! ይልቅ ልጆቹ ታይዲቨርስ የሚባሉትን ተጨማሪ ፓኬጆች ትተው ከአር ጋር አብሮ የሚመጣውን ቤዝ አር ይልመዱ።

የጅማዋ፦ ኧረ የታይዲቨርሱ ዲፕላየር ለጀማሪ ይቀላል!

መላሽ፦ በፈለጋችሁት ሥሩት። ዌይት ካላደረጋችሁ በሁሉም የሚወጣው የተሳሳተ ቁጥር ነው።

የባሕር ዳሩ፦ የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ይላል። ዳታው ተበላሽቷል?

መላሽ፦ አልተበላሸም፤ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። የቃለ መጠይቁ ቀን በተመዘገበበት ዓምድ በቪ008 ላይ ያለው ከ1900 ጀምሮ የተቆጠረ ወር ነው። ወደ ፈረንጅ ለመመለስ 92 ወር ደምር። የሕፃን ዕድሜ ለማስላት ግን አትንካው። የልደቱም የቃለ መጠይቁም ቀን በአንድ አቆጣጠር ስለሆነ ልዩነቱ አይለወጥም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የኔ ውጤት ለምን ከሪፖርቱ ተለየ?

መላሽ፦ ለነርሷ የመለስኩትን አንብብ። ቪ005፣ ለሚሊዮን።

ጀማሪው፦ «ፈንክሽኑን ማግኘት አልቻልኩም» ይላል። ፓኬጁን ግን ትናንት ጭኛለሁ።

መላሽ፦ አየህ፣ መልእክቱ ሲመጣ መልሱም መጣ። የሚጫነው አንዴ ነው። አርን በከፈትክ ቁጥር ግን በላይብረሪ ትእዛዝ ትጠራዋለህ።

ጀማሪው፦ ሠራ! አማካዩ ወጣልኝ!

መላሽ፦ ዌይት አድርገኸዋል?