እንቁላል አይቆጠብም፦ ለወጣቶች

ልጆቼ፣

በማህፀንና ጽንስ ሐኪምነት በቆየሁበት ዘመን በእናንተ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ደጋግሜ የሰማሁት ስጋት «እንቁላሌ እያለቀ ይሆን?» የሚል ነው። አዎ፣ እያለቀ ነው። ማለቅ የጀመረውም ሳትወለዱ ነው። ይህ በሽታ እንዳልሆነ እንዲገባችሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ሴት ልጅ በእናቷ ማህፀን ሳለች፣ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ፣ እንቁላል በሚይዙት ሁለቱ ኦቫሪዎቿ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የእንቁላል ሕዋሳት ይኖሯታል። ስትወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ። በዕድሜዋ ሙሉ ከኦቫሪ የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት እዚያው ይከስማሉ።

እያንዳንዷ እንቁላል ፎሊክል በሚባል ከረጢት ውስጥ ናት። ፎሊክሉ ለዓመታት ያንቀላፋል። ሲነቃ በዙሪያዋ ያሉት ሕዋሳት ይበዛሉ፣ ይደራረባሉ፣ ኋላም በመካከላቸው ፈሳሽ ይቋጠራል። ይህ ብዙ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ነው፤ አብዛኞቹም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የመጨረሻው ሁለት ሳምንት ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ስትልክ ጥቂት ፎሊክሎች አብረው ማደግ ይጀምራሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይቀድማል። የቀደመው የሚያመነጫቸው ኤስትሮጅንና ኢንሂቢን የተባሉ ሆርሞኖች ኤፍኤስኤችን ያስቀንሱታል። እሱ ሆርሞኑን የመቀበል አቅሙን አስቀድሞ ስላዳበረ ጥቂቱ ይበቃዋል፤ ሌሎቹ ግን ያጥራቸዋል። ያን ጊዜ በእነዚህ ባጠራቸው ፎሊክሎች ውስጥ እንቁላሏን የከበቧት ሕዋሳት በሥርዓት ራሳቸውን ያፈርሳሉ፣ ሰውነትም ቅሪታቸውን ያጸዳል። የቀደመው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሞላ ይፈነዳና እንቁላሏ ትወጣለች።

ስለዚህ «የእርግዝና መከላከያ እንክብል እንቁላል ይቆጥባል» ሲሏችሁ አትቀበሉ። እንክብሉ እንቁላል እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ የፎሊክሎችን መክሰም አያስቆምም። ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ ጽንሰት የሚሰጠው መርፌም እንቁላል አይጨርስም፤ በዚያው ወር ይከስሙ የነበሩትን ነው የሚያሳድገው። በዚህ ፍርሃት ሕክምናቸውን ያዘገዩ ሴቶች ያሳዝኑኛል፤ ዕድሜ ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። ከ35 ዓመት ዕድሜ በኋላ የእንቁላል ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጥራቱም በግልጽ ይወርዳል።

ሲጋራ ማረጥን ያፈጥናል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችና የጨረር ሕክምናም ፎሊክሎችን ይገድላሉ፤ ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት እንቁላል ማቆየት ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወንዶች፣ እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ብትታመም ይህን ጥያቄ አስታውሷት፤ በድንጋጤ መካከል ይረሳል።

በአልትራሳውንድ «ኦቫሪሽ ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ» የተባለች ልጅም አትሸበር። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በሚባለው የሆርሞን መዛባት የሚታዩት ዕድገታቸው መሃል ላይ የቆመ ፎሊክሎች ናቸው፤ እንደ ካንሰር ያለ ዕጢ አይደሉም። የወር አበባዋ ለወራት የሚቀር ከሆነ ግን መታየት አለባት።