የገበሬ ማህበሩን አዳራሽ አታፍርሱት

ሰላም ለቤቱ። ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ቀበሌያቸው ውስጥ ከደርግ ጊዜ የቀረ የገበሬ ማህበር አዳራሽ አለ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ። ወጣቶቹ ቲያትር የሚያሳዩበት፣ ሥዕል የሚሠሩበት፣ ሸማ የሚማሩበት ሊያደርጉት አስበዋል። «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ወይስ እናድሰው?» ነው ጥያቄው። ብዙዎቻችሁ ብሎኬት ብላችኋል። እኔ አናጢ ነኝ፤ ደቡብ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ አዳራሽ ሲታደስ ከመጀመሪያው ስለነበርኩበት ከናንተ እለያለሁ።

ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ብረት እስከ ገጠር ቀበሌ ማጓጓዝ ብቻውን የተዋጣውን ገንዘብ ይጨርሰዋል። ግድግዳው ወገብ ላይ ሲደርስ ኮሚቴው ይበተናል። ደግሞ ባዶ የብሎኬት አዳራሽ ውስጥ ቲያትር አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ድምፁ እየተመላለሰ አንድ ቃል አይለይም። ጭቃ ያንን ያህል አያስተጋባም።

ግድግዳው አያስፈራችሁ፣ ጭቃ ሁልጊዜ ይመረጋል። መታየት ያለበት የምሰሶው እግር ነው። አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፈር አድርጋችሁ እንጨቱን በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው ሳይታገል ከገባ እግሩ በስብሷል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ በመዶሻ እየመታችሁ ሂዱ፤ ባዶ ድምፅ እስከሚሰጥበት ድረስ ምስጥ ደርሷል ማለት ነው። በግድግዳው ላይ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁም እሱ የምስጥ መንገድ ነው። ምሰሶው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ባህር ዛፍ ከሆነ አንዱንም ሳትፈትሹ አትለፉ። ላዩ ደህና ሆኖ እግሩ ብቻ ከተበላ ምሰሶውን ሙሉ መቀየር አያስፈልግም። ጣሪያውን በባላ ደግፉ፣ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት ሠርታችሁ ደህናውን እንጨት እዚያ ላይ አስቀምጡ። እኔ በዚህ ቤት ሲሚንቶ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ላላችሁት፣ ለጊዜው ያግዛል፤ ግን ልጆች ተደግፈውት የሚቀመጡበት እንጨት ነው፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰን የሚለው ሐሳብ ደግሞ እዚህ ቡድን ውስጥ በየጊዜው ይመጣል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ከኋላው እየተፈረፈረ ቆይቶ አንድ ክረምት ላይ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ በጭቃ ነው የሚሠራው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይለወሳል፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ በእግር እየተረገጠ ሰነባብቶ መሽተት ሲጀምር ደርሷል። መጀመሪያ ምርጊቱ፤ እሱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁን የሚሞላ የላመ ልስን፣ እበት ገብቶበት። ይኼን ከመሐንዲስ ይልቅ የሰፈራችሁ እናቶች ያውቁታል፣ እነሱን ጥሩ፤ የቀን ሥራቸውንም ክፈሏቸው። ጭቃ ድሃ ቤት ነው የሚል ሰው ካስቸገራችሁ አዲስ አበባ መካኒሳ ወስዳችሁ ዞማ ሙዚየምን አሳዩት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ነው፤ አዲስ የተሠራ እንጂ የታደሰ አይደለም፣ ግን ግድግዳው ያው ጭቃና ጭድ ነው።

ታዛውን አስረዝሙት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። የቆርቆሮውን ነገር ልንገራችሁ፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲወርድ ተዋናዩ ቢጮህም አይሰማም። ኮርኒስ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ክረምቱን ለሸማና ለሥዕል፣ በጋውን ለቲያትር ብትመድቡት ይሻላል። ለሥዕሉ መስኮት ስትከፍቱ በሰሜን በኩል ይሁን፤ የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እነዚህ አዳራሾች ትዝታ አላቸው። የገበሬ ማህበር የመጣው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ አዳራሹም መሬት የተደለደለበት ብቻ አይደለም፣ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉበትም ነው። እኛ ጋ አንዲት እናት ነበሩ፤ ለምርጊቱ ውሃ ያመጣሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ግን ደጃፉን አልፈው አይገቡም። ልጃቸው በዚያ በር ወጥቶ አልተመለሰም። ወጣቶቹ ይኼን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ውጭ ታዛው ሥር ሰብስበው ሲጠይቁ ሰነበቱ፤ የመጀመሪያው ቲያትራቸውም ከዚያ ወሬ ወጣ። መግቢያውንም ወደ ሜዳው በኩል አዲስ ከፈትን። ለብርሃኑም ጠቀመ፣ ግን ለብርሃን ብለን አልነበረም። እናንተም ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደተደረገ ጠይቁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ቀበሌው በቃል «ውሰዱት» ቢላችሁ አትጀምሩ። ስታሳምሩት ለስብሰባ ይፈለጋል። ስንት ቀን የናንተ፣ ስንት ቀን የቀበሌው እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ማህተም ይረፍበት፣ ግልባጩ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይግባ። ማህበር ሆናችሁ ለመመዝገብ የክልላችሁ ሕግ ምን እንደሚል ወረዳውን ጠይቁ፤ አዋጅ 1113/2011 በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ማህበር አይደለም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑንም እዚያው ወረዳ ጠይቁ፤ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም።

ዘላቂ ይሁን ብላችኋል። እኔ ዘላቂነትን የምለካው ሶላር በመግጠም አይደለም። በየዓመቱ ማን ይለስነዋል? ነው ጥያቄው። ማሊ ውስጥ የጄኔን ታላቅ መስጊድ ያቆየው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ተሰብስቦ፣ እንደ በዓል እያከበረ በጭቃ ስለሚለስነው ነው። እናንተም ጥር ላይ አድርጉት፤ አውድማው ተነስቷል፣ ጭድ አለ፣ ሰውም እጁ ፈታ ይላል። ጠዋት ደቦ፣ ማታ ትርኢት። ዕድሩ ወንበሩንና ድንኳኑን እዚያ ቢያስቀምጥ ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ቀድሞ የሚጮህላችሁ እሱ ነው። ለሠርግ ማከራየቱ ለሚስማርና ለቆርቆሮ ይሆናል፤ ለአስተማሪ ደመወዝ ግን አይበቃም፣ ለዚያ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ወንድሜ፣ የምሰሶዎቹን እግር ቆፍራችሁ ፎቶ አንስታችሁ እዚሁ ለጥፉልኝ፤ እንጨቱ ምን እንደሆነና በሩ ወዴት እንደሚያይም ጻፉ። ከዚያ ስንቱ እንደሚቀየር እነግራችኋለሁ።