ለኤምካት (ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) 18 ቀን ይቀረኛል፤ ልፈተን ወይስ ቀኑን ልቀይር?

እህቴ፣ የፈተናው አዘጋጅ ኤኤኤምሲ ባወጣቸው ሦስት ሞዴሎች (የመለማመጃ ፈተናዎች) ያመጣሽው 497፣ 500 እና 499 ነው፤ የምትፈልጊው 508 ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ቀኑን እቀይራለሁ። ይህን የምልሽ ሳልቀይር ገብቼ ስለማውቀው ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ሞዴሎቼ 500 አካባቢ ሲመላለሱ፣ «ዋናው ቀን ላይ ትኩረቴ ይጨምራል» ብዬ በእልህ ገባሁ። ከወር በኋላ 501 መጣ። ሞዴሉ ደጋግሞ የነገረኝን ነው ፈተናው ያረጋገጠልኝ። በዓመቱ ተፈትኜ 511 አመጣሁ፤ ግን የመጀመሪያው አልተሰረዘም፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም ያያሉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ 501 ተጠይቄአለሁ። «ሞክሬው ካልሆነ መጨረሻ ላይ ውጤቴን አሰርዛለሁ» ብለሽ ደግሞ እንዳትገቢ። የተሰረዘውም እንደ አንድ ሙከራ ይቆጠራል፤ የተፈቀደው በአንድ ዓመት 3፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ድምሩን ተይውና ነጥቡ ከየት እንደሚፈስ እዪ። ባዮኬሚስትሪ ላይ ሁለት ምዕራፍ ስላላነበብሽ ከሆነ 18 ቀን ብዙ ይሠራል። ካርስ (ምንባብ አንብቦ የመተንተን ክፍል) ከሆነ ግን፣ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ የመመለስ ልምድ በሁለት ሳምንት አይመጣም። እኔን ወራት ፈጅቶብኛል፤ በየቀኑ ሁለት ሦስት ምንባብ፣ ከዚያ የሳትኩትን እያንዳንዱን ለምን እንደሳትኩ በጽሑፍ ማስቀመጥ። ሌላው፣ ሞዴሎቹን የሠራሽው በአንድ መቀመጫ፣ ሰዓት ይዘሽ ነው? እኔ ለሁለት ቀን ከፍዬ እሠራቸው ነበር፤ ዋናው ከእረፍቱ ጋር ከሰባት ሰዓት በላይ ሲሆን መጨረሻው ክፍል ላይ ዓይኔ ፊደል እያየ አእምሮዬ አልይዝ አለኝ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ ያልሽው አሳዝኖኛል። ግን ፍርሃቱን ብቻ አትስሚ። ሁለተኛው ጊዜ የሞዴሎቼ አማካይ 510 ሆኖ እንኳ ቀኑን ልቀይር ነበር፤ ወንድሜ «ቁጥሩ ምን ይላል?» ብሎ ነው ያስቆመኝ። ያኔ ቁጥሩ «ግቢ» ይል ነበር፤ ያንቺ ግን «ገና ነሽ» ነው የሚለው።

ቀን መቀየር የሚቻለው ፈተናው 10 ቀን እስኪቀረው ነው፤ ክፍያውም ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ያለሽ ስምንት ቀን ገደማ ነው። ዛሬውኑ የትኛው ቀን ላይ ክፍት ቦታ እንዳለ እዪ፤ መቀመጫ ቶሎ ይሞላል። ልብሽ ካልቆረጠ በዚህ ሳምንት አንድ ያልነካሽውን ሞዴል በጠዋት፣ በሙሉ ሰዓቱ ሥሪ። 505 ካለፈና በዚያ ውጤት ማመልከት የማይከፋሽ ከሆነ ተፈተኚ። ካልሆነ ቀይሪው።

ዘንድሮ ማመልከትሽ ግን ይታሰብበት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ እንደደረሳቸው ማየት ስለሚጀምሩ፣ አዲሱ ቀን መስከረም ላይ ከዋለ ውጤትሽ ጥቅምት ይደርሳል፤ ያ ዘግይቷል። ሰኔ ወይም ሐምሌ ከሆነ ማመልከቻውን አሁኑኑ አስገቢ፤ የትራንስክሪፕት (የኮሌጅ ውጤት መዝገብሽ) ማጣራቱ ውጤትሽን አይጠብቅም። እኔ ዓመቱን አሳለፍኩት፤ ለዚያ ውሳኔ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። የካርስና የሌሎቹን ክፍሎች ነጥብ ለየብቻ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።