ለወላጅ የሚላክ የቁርጥማት ኪኒን፦ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከምንጃር ወጥተን በየአገሩ የምንኖር ሁሉ የምናውቀው ነገር ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ከጫማውና ከስልኩ ጋር የቁርጥማት መድኃኒት አብሮ ይታሸጋል። እናት ጉልበቷ አላስነሳ ብሏታል፣ አባት ወገቡን ይዞት ከርሟል፣ ብርዱም ያው የጣርማ በር ብርድ ነው። ይህን በስልክ ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ የለም፤ መላካችሁም ደግ ነው። እኔ ግን ብዙ ዓመት በመድኃኒት ቤት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ ስለ አንድ ዓይነት ኪኒን አጥብቄ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። እሱም በቀን አንዴ ተውጦ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚለቀው ማስታገሻ ነው።

ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን፣ ኢቶዶላክና ኢንዶሜታሲን የሚባሉት እብጠትና ሕመም የሚያስታግሱ መድኃኒቶች በሁለት መልክ ይሠራሉ። አንደኛው ቶሎ የሚሟሟው ነው። ሁለተኛው ሰዓታት ወስዶ በጥቂት በጥቂቱ የሚለቀው ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ኢ አር፣ ኤክስ አር፣ ኤስ አር፣ ሲ አር ወይም ሪታርድ (ER፣ XR፣ SR፣ CR፣ Retard) ተብሎ ይጻፍበታል። አገር ቤት በየፋርማሲው የሚሸጠው የተለመደው ዳይክሎፌናክ ባለ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ቀስ በቀስ የሚለቀው ግን አንዱ ፍሬ ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ይህ የአንድ ቀን ሙሉ መድኃኒት ነው። ፍሬው ከተሰበረ፣ ከተፈጨ ወይም ከታኘከ ለቀኑ የታሰበው በአንድ ጊዜ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ሙሉውን፣ በደንብ ውሃ ጠጥቶ መዋጥ ግድ ነው። ቶሎ ስለማይጀምርም ለድንገተኛ ሕመም አይሆንም። «አላሻለኝም» ብሎ ከሰዓት ሌላ መድገም ትልቁ አደጋ ነው። አንድ ቀን ቢረሳም በማግስቱ ሁለት አይወሰድም።

አሁን ይህ ኪኒን እናት ቤት ሲደርስ የሚሆነውን አስቡት። ሻንጣው ከበደ ተብሎ ከጠርሙሱ ወጥቷል፤ በፌስታል ተቋጥሮ ስለመጣ ስሙም መጠኑም የለም። ፍሬው ትልቅ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። እናት በጥርሷ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹን ትውጣለች፣ ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ለቡና ለመጣችው ጎረቤቷ «እንኪ እታለም፣ ልጄ የላከችልኝ ነው፣ ፍቱን ነው» ብላ ትሰጣለች። በእኛ አገር ያለን ነገር ማካፈል የወግ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ጎረቤቲቱ ጨጓራዋ የቆሰለ፣ ኩላሊቷ የደከመ ወይም ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ መድኃኒቱ ከነማሸጊያው ይሂድ። በማሸጊያው ላይ በአማርኛ፣ በትልቁ ጻፉበት፦ በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር፣ አይሰበርም፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሰዓቱንም በአገር ቤት አቆጣጠር ንገሯቸው። እናንተ «በ8 ሰዓት» ስትሉ የሰማችሁ እናት ከሰዓት በኋላ ልትውጠው ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ኢናላፕሪል አለ፣ ውሃ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ። በእነዚህ ላይ የቁርጥማቱ ኪኒን ሲደረብ ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ በተለይ ሦስቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትባል እናት «የለም» ትላለች። ልትዋሽ ብላ አይደለም። ልጇ የላከችላት ስጦታ እንጂ መድኃኒት ነው ብላ አታስበውም። ባለሙያው ግፊቱ አልወርድ ሲለው የግፊቱን ኪኒን ይጨምራል፤ እግሯ ሲያብጥም «መቀመጥ ስላበዛሁ ነው» ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የተደበቀ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ደውላችሁ «እማዬ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እኔ የላክሁልሽን ኪኒን ከነካርቶኑ ይዘሽ ሂጂ» በሏት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ እህት ወይም ወንድም ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን፣ ለልብ የሚሰጥ አስፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ካያችሁበት ሐኪም ሳይጠየቅ አትላኩ። የልብ ድካም ላለበትና ኩላሊቱ ለታመመም እንዲሁ።

ስለ ጨጓራ ብዙ ሰው «ሆድ ላይ ምግብ ካለ አይጎዳም» ይላል። ምግብ ማቃጠሉን ያበርዳል እንጂ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላም የጨጓራን መከላከያ ያዳክማል። በአገራችን ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ የበዛ ነው፤ ጨጓራ የሚያማቸው ሁሉ ይህን ኪኒን ከመጀመራቸው በፊት ቢመረመሩ ይበጃል። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም ቀድሞ ጨጓራቸው ለቆሰለ ሐኪም የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን አብሮ ሊያዝ ይችላል።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ወላጆች በባዶ ሆድ እንዳይውጡት፣ ሲገድፉ ከምግቡ ጋር ይውሰዱት። ጥቅሙ በቀን አንዴ ስለሆነ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ጠበልን በተመለከተ ግን በጥሞና ስሙኝ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ሰዎች እየጾሙ ጠበል ይጠጣሉ፤ አንዳንዱን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። እምነቱን የሚነካ ነገር አልናገርም፤ እኔም ከዚያው ነው ያደግሁት። ነገር ግን ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ይህ መድኃኒት ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። በጠበሉ ሳምንትና ተቅማጥ በያዛቸው ጊዜ ሁሉ ኪኒኑ ይቅር። የደብረ ብርሃን አረቄ የሚቀማምሱ አባቶችም ካሉ ሁለቱ አንድ ላይ የጨጓራን መድማት እንደሚያባብሱ በግልጽ ንገሯቸው፤ በአክብሮት ከተነገራቸው ይሰማሉ።

እናንተም ራሳችሁ፣ መጋዘን ውስጥ ስታነሱ ስትጥሉ የምትውሉ፣ አረጋውያን የምትጦሩ፣ ሌሊቱን የምትነዱ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ቀስ በቀስ የሚለቅ ኪኒን እየወሰዳችሁ አድቪል ወይም አሊቭ አትደርቡበት። ስማቸው ቢለያይም አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጠናከረው ማስጠንቀቂያ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ እንኳ ሊያመጡ እንደሚችሉ ገልጿል። በ2020 ደግሞ ነፍሰ ጡር እናት ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዳትወስዳቸው መክሯል።

ታዲያ ምን እንላክ? የጉልበት ሕመም ብቻ ከሆነ የሚቀባውን የዳይክሎፌናክ ጄል እመርጣለሁ። ቆዳ ላይ ስለሚቀር ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው እጅግ ያነሰ ነው፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከተቀባ በኋላ ጉልበቱን በፋሻ አይጠቅልሉት፣ የሞቀ ነገርም አያድርጉበት። ቀለል ላለ ሕመም ፓራሲታሞል አለ፤ ያው ታይሌኖል የሚባለው ነው። ለጨጓራና ለኩላሊት ይሻላል፣ ግን ከመጠን ካለፈ ጉበትን ስለሚጎዳ ከአረቄ ጋር እሱም አይስማማም።

ኪኒኑን ቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉ። ሰገራው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሆኖ እንደሆነ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ የሽንት ማነስ፣ የእግር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር እንዳለ አንድ በአንድ ጠይቁ። ስለ ሰገራ ከልጅ ጋር ማውራት ያሳፍራቸዋልና እህት ወይም የልጅ ሚስት ትጠይቅላችሁ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ኪኒኑ እዚያው ይቁም። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከሆነ «ነገ ይሻለኛል» ሳይባል በዚያው ሰዓት መኪና ተፈልጎ ደብረ ብርሃን ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰዱ፤ የኪኒኑም ካርቶን አብሯቸው ይሂድ።