የጥጃ ልብስ «ያድግበታል» ተብሎ ይገዛል?

ጥያቄ፦ በብርዱ ወቅት ለሚወለዱ ጥጃዎቼ ልብስ ልገዛላቸው አስቤያለሁ። ቶሎ ስለሚያድጉ ለሁሉም ሰፊውን ቁጥር ብወስድ አይሻልም? ግን አንድ ጥጃ ልብሱን ረግጦ ሲወድቅ አይቻለሁና ልቤ ፈራ።

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው፤ ሰፊውን አይግዙ። ጥጃውን የሚያሞቀው በጨርቁና በጸጉሩ መካከል ታፍኖ የሚቆየው አየር ነው። ልብሱ ከሰፋ ነፋስ በሥሩ ይገባና ያንን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። አወዳደቁም እንዲሁ አልመጣም። ከብት ሲነሳ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ መጀመሪያ ኋላውን ነው የሚያነሳው። ያኔ የተንዘረፈፈ ጨርቅ ከጉልበቱ ሥር ከገባ አንገቱን ወደ መሬት ይጎትተዋል።

ልብስ በዕድሜ አይመረጥም። የሆልስታይን ዝርያ ጥጃ ሲወለድ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የጀርሲ ዝርያ ጥጃ ደግሞ 25 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ቀን ቢወለዱም አንድ ቁጥር አይለብሱም። ስለዚህ ጥጃውን በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና አንገቱ ከትከሻው ከሚገናኝበት ቦታ እስከ ጅራቱ ሥር በጀርባው ላይ ይለኩ። ሜትር ከሌለዎት በሲባጎ ለክተው ሲባጎውን ልብሱ ላይ ይዘርጉት። አምራቾች መለኪያውን የሚጀምሩበት ቦታ ስለሚለያይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። ልኩ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆነብዎት፣ ደረቱ ላይ እስካልጠበበ ድረስ እኔ ትንሹን እመርጣለሁ። ጅራቱን አልፎ የሚንጠለጠል ልብስ በፋንድያና በሽንት ይርሳል፤ የረጠበ ልብስ ደግሞ ካለመልበስ ይብሳል።

ካለበሱት በኋላ ዝርግ እጅዎን በደረቱ ማሰሪያ ሥር ያስገቡ። ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። የሆዱ ማሰሪያ ያልደረቀ እትብት ላይ እንዳያርፍ፣ በወንድ ጥጃ ደግሞ ከሽንት መውጫው ቀደም ብሎ ወደ ደረቱ በኩል እንዲውል ያድርጉ። ከዚያ አይሂዱ፤ ሲተኛና ሲነሳ ቆመው ይዩት። ትከሻው ላይ ጸጉሩ ከተላጠ ጠቦታል ማለት ነው።

በደንብ የሚጠባ ጥጃ በ2 ወር ውስጥ የልደት ክብደቱን እጥፍ ሊያደርስ ይችላል። በመሆኑም ማሰሪያውን በየሳምንቱ ያላሉ፤ የሚላላበት ካለቀ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይለውጡ። ሁለት ዓይነት ቁጥር መያዝ የሚበጀው ለዚህ ነው።

አዲስ የተወለደ ጥጃ እንገሩን ጠጥቶ ጸጉሩ እስኪደርቅ ልብስ አያድርጉለት። እስከ 3 ሳምንት ዕድሜው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ይበርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ይበረታል። እጅዎን ከልብሱ ሥር ሲያስገቡ ላብ ካገኙ ያውልቁለት። ወተቱንና የሚተኛበትን ወፍራም ደረቅ ጭድ ግን ልብስ ለብሷል ብለው እንዳይቀንሱበት አደራ።

ልብሱ ከአንዱ ጥጃ ወደ ሌላው ከመተላለፉ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ጭርትና ቅማል በዚያው ይሸጋገራሉ።